እሬት ያጠጣሁበት ሁዳዴ

እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የመሰለ ከባድ ሥራ የለም። ይህን የተማርኩት በንጉሡ ዘመን፣ ሱሉልታ፣ ሙሽራ ሳለሁ ነው፤ ያስተማረችኝም አንዲት እሬት ናት።

እሬቷ የአማቴ ነበረች። ልጃቸው የመንገድ ሥራ ጸሐፊ ሆኖ ሲቀጠር ከመንዝ ተከትለውት መጡ፤ ከጓዛቸው ሁሉ አስቀድመው በጨርቅ ጠቅልለው የያዙት እሷን ነው። በአሮጌ የላምባ ጣሳ ተተክላ መስኮቱ ላይ ትቀመጣለች። ባሌን ጡት ያስጣሉት የዚችኑ ዘር መራራ ውሃ ጡታቸውን ተቀብተው ስለሆነ፣ ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሞልቶት እንኳ አጠገቧ መቀመጥ አይወድም ነበር።

ሁዳዴ ሲገባ አማቴ ጉልበታቸውን ሊጠመቁ ደብረ ሊባኖስ ሄዱ። ፋሲካንም እዚያው ሊውሉ ነው። በሩ ላይ ቆም ብለው፣ «ልጄ፣ ሌላው ቢሰበርም ይሰበር፤ በእሬቴ ግን አደራ» አሉኝ። በቃ፣ ይህን ብቻ። እንዴት እንደምትያዝ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ገና አራት ወር ያልሞላኝ ሙሽራ ነኝ፤ አደራ በላ ከምባል ጎጃም ድረስ በእግሬ ብጠፋ ይሻለኝ ነበር።

እናም ጠዋት ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ እሷን አጠጣለሁ። በሳምንቱ ቅጠሏ ወየበ። ጠምቷት ነው ብዬ ጨመርኩላት። ለሰለሰች። ይሄኔ ዓይን በልቷታል ብዬ ደመደምኩ። ጎረቤቴም «ዓይን ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!» አለች፤ ወዲያው ጠበል ጀመርን። እሷ ከማርያም፣ እኔ ከሚካኤል እየቀዳን በባዶ ሆዳችን እሬት አጠመቅን። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳልቀምስ እየጾምኩ እመቤቲቱ ከማለዳ ጀምሮ ጠጥታ ትውላለች።

አንድ ቀን ስነካት ቅጠሏ እጄ ላይ ቀረ። ተቀምጬ አለቀስኩ። እንደዚያ ሆኜ የደረሱብኝ፣ ሌላ ጊዜ ወተት፣ በጾም ደግሞ ኩበት የሚያመጡልን፣ ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ» የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ? እንዴት አደርሽ፣ ልጄ? ማን ሞተ?»

አሳየኋቸው። ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደዱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቢሻን! ውሃ ነው የገደላት። ይቺ እኮ ድንጋይ ላይ የምትበቅል ናት።»

«ጠበል ነው እኮ፣ ኦቦ።»

«እሱስ ይባረክ። ማርም ሲበዛ ይመራል፣ ልጄ።»

ሲነቅሏት ሥሯ ጠቁሮ ይሸታል። ከጎኗ ግን አውራ ጣት የምታህል ልጇ ነበረች፣ አንድ ነጭ ሥር ያላት። ጭቃውን ደፍተው፣ አሸዋ የበዛበት አፈር ሞልተው ተከሏት። «እስክትጠይቅሽ እንዳትነኪያት» አሉ።

«እንዴት ነው የምትጠይቀኝ?»

«አትጠይቅሽም» ብለው ኩበታቸውን አራግፈው ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። በውሃው ማሰሮ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር እጄን ያሳክከኛል፤ ዓይኔም ከመስኮቱ አይነቀልም። ባሌ «እኔን እንዲህ አፍጥጠሽ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?» እያለ ይስቃል። አንድ ማለዳ ግን ከመካከሏ አዲስ ቅጠል ጫፉን ብቅ አድርጎ አየሁ። የጮህኩት ጩኸት! ጎረቤቴ ሰው የሞተ መስሏት ነጠላዋን እየጎተተች ደረሰች፤ ነገሩን ስታይ እልልታዋን አቀለጠችው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አማቴ በቅል ጠበል ይዘው ገቡ። ሳይቀመጡ ወደ መስኮቱ ሄዱና «ምነው አነሰችብኝ?» አሉ። መልስ ሳይጠብቁ ቅሉን ከፍተው ሊያፈሱባት ዘንበል ሲያደርጉ፣ ክንዳቸውን አፈፍ አደረግሁ።

«እማማ፣ አይሆንም!»

ቀና ብዬ አይቻቸው የማላውቃቸውን አማቴን ክንዳቸውን ይዤ ጮህኩባቸው። ከዚያ ወዲያ ምን ይደበቃል? ሁሉንም ዘረገፍኩት። «ያቺ ሞታለች፤ ይቺ ልጇ ናት። አደራዎን በልቻለሁ» አልኩ።

እሬቷን አዩ፤ ገና ያልለቀቅሁትን ክንዳቸውን አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር።

«በየቀኑ?» አሉ።

«በየቀኑ።»

«የማርያምንም የሚካኤልንም?»

«ሁለቱንም።»

ሳቃቸው ፈነዳ። «እኔ በወር አንድ ስኒ ነው የምሰጣት! ዛሬ በረከቱን ላቅምሳት ብዬ እንጂ!» አሉና ጠበሉን በእፍኛቸው ቀድተው ፊቴ ላይ ቸለሱት። እንባቸውን እየጠረጉ መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ ጠጋ ብለውም ቦታ ለቀቁልኝ።

«ነይ እዚህ። እሺ የምትለኝ ሙሽራ መቼ ቸገረኝ፤ እምቢ የምትለኝ ልጅ ነበር ያጣሁት።»

ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ቆሜ ብቻ ሳስተናግድበት በኖርኩት መደብ ላይ፣ ፊቴ እንደራሰ፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።