የሲልቫኖ ውሃና የመርል ኩሬ

መርል አምብሪም የዱቄት ወንፊቷን ይዛ ከኩሬው ዳር ተንበርክካለች። ወንፊቱን ወደ ውሃው ታስገባለች፣ ቀስ ብላ ታነሣለች፣ ያነሣችውን ባልዲ ውስጥ ትገለብጣለች። ከሩቅ ላየው ጥቁር አተር የምትለቅም ይመስላል። የምትለቅመው ግን ጭራቸው ገና ያልጠፋ የእንቁራሪት ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ሞተዋል። ልጇ ሎርና ከኋላዋ ቆማ ታያለች።

"እማ፣ በቃ ተይው። ወፎቹ ይለቅሙት የለ?"

"በልተው እነሱም እንዲሞቱ?" አለች መርል ቀና ሳትል። "መርዝ ነው የጨረሳቸው። የማን መርዝ እንደሆነም አላጣሁትም።"

ከኩሬው ማዶ የሲልቫኖ ቤርታኮ ሸንኮራ አገዳ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሊጥል ደመናው ሲጠቁር፣ ሲልቫኖ በትራክተሩ በአገዳው መሃል እየተመላለሰ ፀረ-አረም ሲረጭ መርል ከበረንዳዋ ሆና አይታዋለች። ዝናቡ ጣለ። እንቁራሪቶቹ ሌሊቱን ሙሉ ጮኹ፣ ዕንቁላላቸውን ጣሉ፣ ልጆቹም ተፈለፈሉ። ከዚያ ወዲያ የሆነው ይኸው በባልዲው ውስጥ ነው።

ኩሬው ለመርል ዝም ብሎ ውሃ አይደለም። አያቷ አገዳ እንዲቆርጥ ከተወለደበት ደሴት ወደዚህ ወደ ኩዊንስላንድ በመርከብ የተጋዘ ሰው ነበር፤ ነፃ ሲወጣ ጎጆውን የቀለሰው እዚህ ዳር ነው። ባሏ ባዝል በሕይወት ሳለ በቆርቆሮ ጀልባው እየዞረ እምቦጩን በእጁ ይነቅል ነበር። እሱ ሲሞት እምቦጩ ውሃውን እንደ ምንጣፍ ሸፈነው። ዘንድሮ መርል መርጫውን በጀርባዋ አዝላ፣ ጉልበቷ እያመማት፣ ዳር ዳሩን ፀረ-አረም ረጭታ አቃጠለችው። ውሃው ከስንት ጊዜ በኋላ ሰማይ አየ። እንቁራሪቶቹ እንደ ድሮው በብዛት የመጡትም ለዚህ ነው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። በደረቁ ወራትና ዝናቡ በሚዘገይበት ጊዜ ኩሬውን በሕይወት የሚያቆየው የሲልቫኖ ፓምፕ ነው። አገዳውን ካጠጣ በኋላ የሚተርፈውን በቧንቧ ይለቅላታል። ውል የላቸውም። አባቱ ይለቅ ነበር፣ እሱም ይለቃል።

በማግስቱ መርል የገበሬ ዕቃ መደብር ስትገባ ሲልቫኖ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ ብሎን ሲመርጥ አገኘችው። ሰው ተሰልፏል።

"መርል! ጉልበትሽ ተሻለሽ?"

"ጉልበቴን ተወው። እንቁራሪቶቼን ምን አደረግካቸው?"

"ምን አደርጋቸዋለሁ? ጠብሼ የበላኋቸው መሰለሽ? እኔ ጣሊያን ነኝ፤ እሱን ፈረንሳዮቹን ጠይቂ።"

ሰልፈኛው በሙሉ ሳቀ። መርልን ያነደዳትም ይኸው ሳቅ ነው።

"ገደልካቸው! ሰማዩ ጠቁሮ እያየህ ረጨህ። አባትህ ቢኖር በአንተ ያፍር ነበር።"

ሳቁ ቀጥ አለ። የሲልቫኖ ፊት ቀላ።

"አባቴን አታንሺ፣ አንቺ ሴትዮ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የኔ ውሃ መርዝ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ አይመጣብሽም።"

እንዳለውም አደረገ። ከሰዓት በኋላ ቧንቧው ተንጠባጠበ፣ ከዚያም ደረቀ።

ሰማዩም ከሲልቫኖ ጋር የተማከረ ይመስል ነበር። አንድ ትንሽ ዝናብ ጣለና ጠፋ። በዚያች ዝናብ የተረፉት እንቁራሪቶች እንደገና ጣሉ፤ ገሚሶቹ በኩሬው መሃል፣ ገሚሶቹ ደግሞ ከቤቱ ጓሮ ባለው የከብት ማጠጫ ገንዳ ውስጥ። እነዚህኞቹ ልጆች ጤነኞች ነበሩ፤ ይበላሉ፣ ይሯሯጣሉ። ፀሐይዋ ግን ኩሬውን በየቀኑ ከዳር ከዳር ትጠጣው ጀመር። እግር ሳያወጡ ውሃው ካለቀ ጭቃ ላይ መቅረታቸው ነው።

"እማ፣ ሂጂና ይቅርታ በይው" አለች ሎርና።

"እሱ ገድሎ እኔ ይቅርታ ልጠይቅ?"

"ለውሃው ስትዪ።"

"ለውሃ ብዬ አልዋሽም።"

ነገሩን የለወጠው ገንዳው ነው። አንድ ጠዋት መርል መርጫውን አጥባ ለከርሞ ልታስቀምጠው ፈለገች። ከመርጫው ጋር የምታኖረውን የፕላስቲክ ጣሳ አንሥታ ከገንዳው ውሃ ቀዳችበት፤ ደግማም ቀዳች። ከጣሳው ሥር የደረቀ አረንጓዴ ሳሙና ነበር፤ እሱ ሟሙቶ በገንዳው ላይ ትንሽ አረፋ ሠራ። አረፋውን አይታ አለፈችው። ከምሳ በኋላ ስትመለስ የገንዳው ልጆች በሙሉ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል።

መርል ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ገንዳውን የሚሞላው ከጣሪያ የሚወርድ ዝናብ ነው፤ የሲልቫኖ ውሃ ደርሶበት አያውቅም። ጣሳውም ፀረ-አረሙን ነክቶት አያውቅም፤ ለመድኃኒቱ ቀይ ፕላስተር የተለጠፈበት ሌላ ኩባያ አለው። በዚህ ጣሳ የምትሰፍረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና።

እዚያ አገር ሁሉም የሚያደርገው ነው። የእምቦጭ ቅጠል ሰም የተቀባ ይመስላል፤ የተረጨበት ጠብታ ተንከባሎ ይወርዳል። ስለዚህ ቅጠሉ ላይ እንዲጣበቅ ሳሙና ጠብ ይደረግበታል። መርል የገዛችው ለውሃ ዳር ተብሎ የተሠራውን መድኃኒት ነው፤ ምንም እንዳይጨመርበት ዕቃው ላይ ተጽፏል። ባዝል ግን የአጥሩን ሣር ሲረጭ ሳሙና ይጨምር ነበር፣ እሷም ጨመረች። ቅጠሉ ቢያስቸግራት ደግሞ አብዝታ ጨመረች፤ የመጨረሻውን የረጨችውም ልጆቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ነው።

ለሎርና ስትነግራት ልጇ አፏን በእጇ ያዘች።

"እማ፣ ልጆቼ ሽንት ቤት የሚገቡትን አረንጓዴዎቹን እንቁራሪቶች ሲይዙ ምን ትያቸው ነበር?"

"ዝም በይ።"

"'ሳሙና በነካው እጅ እንዳትይዟቸው፤ የሚጠጡትም የሚተነፍሱትም በቆዳቸው ነው።' ያልሽው አንቺ አይደለሽም?"

"ነኝ" አለች መርል። "ነኝ። ዝም በይ አልኩሽ እኮ።"

ሲልቫኖን ያገኘችው ከፓምፑ ሥር ተጋድሞ ነው። ከውጭ የሚታየው ቦቲው ብቻ ነበር።

"ሲልቫኖ።"

"ውሃ የለም።"

"ውሃ ልለምን አልመጣሁም። እንቁራሪቶቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ።"

ቦቲዎቹ ተንቀሳቀሱ። ከዚያ ሲልቫኖ ቅባት በቅባት ሆኖ ወጣና ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ። መርል ስለ ሳሙናው፣ ስለ ጣሳው፣ ስለ ገንዳው ነገረችው።

"ስንት ጨመርሽ?"

"ቅጠሉ እስኪያብረቀርቅ።"

"እና አጥበሽ አሰጣሻቸዋ።"

"ሳቅ። ዛሬ ብትስቅብኝ መብትህ ነው።"

ሲልቫኖ ግን አልሳቀም። "አባቴን በሰው ፊት ነክተሻል" አለ።

"ነክቻለሁ። በዚያው መደብር፣ በሰው ፊት እመልሰዋለሁ።"

እጁን በጨርቅ ጠረገ። "እኔም ልንገርሽ። የኔ መድኃኒት ዝናብ ሊጥል ሲል አይረጭም። አውቃለሁ። ትራክተሩ ተበላሽቶብኝ ዘገየሁና ከአረሙ ጋር ተሽቀዳደምኩ። ጎርፉ አንቺ ዘንድ እንደወረደ አይቻለሁ። እንዳንቺ ሳሙና በአንድ ቀን አይጨርስም ይላሉ፤ ግን ልጆቹ እንዳያድጉ ያዘገያቸዋል፣ ያጣምማቸዋል። አይቼ ዝም አልኩ።"

"እንግዲያው ሁለታችንም ነን።"

"ሁለታችንም ነን። አባቴ ግን አልረጨም።"

"አባትህ አልረጨም" አለች መርል።

ሲልቫኖ ተነሣ። ቧንቧውን እንደ ወትሮው ከአገዳው በታች ካለው ቦይ ላይ ሳይሆን ፓምፑ ውሃ ከሚስብበት ጉድጓድ ላይ በቀጥታ ገጠመው፤ በአገዳው ያለፈ ውሃ ወደ ኩሬው እንዳይሄድ። መርል ቤቷ ስትደርስ ውሃው ቀድሟት ነበር፤ በተሰነጠቀው ጭቃ ላይ እየተንገዋለለ ወደ መሃል ይሄዳል።

መደብሩም ሄደች። ሰው ባለበት ሰዓት መርጣ ሄዳ፣ ያለችውን ሁሉ መልሳ ተናገረች። የባለመደብሩ ልጅ አንገቱን አከከ። "አክስት መርል፣ እኔም እኮ ሳሙና እጨምራለሁ" አለ። ከሰልፉ ሁለት ሦስት ሰው መሬት መሬት አየ።

ከኩሬው መሃል ልጆች እግር አውጥተው ወደ ዳር የወጡ አሉ። ብዙ አይደሉም። የዘንድሮው ጩኸት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ወሬ የሚያስወራ ሆነ፤ ድሮ ሰው ካልጮኸ ወሬው አይሰማም ነበር። እምቦጩን አሁን መርልና ሎርና በባዝል ጀልባ እየዞሩ በእጅ ይነቅላሉ። ሲልቫኖ ባለ ረጅም እጀታ መንጠቆ አበጅቶላቸዋል፤ እሁድ እሁድ እየመጣ ሥራቸውን ይነቅፋል።

መርል ይህን የምታነቡትን የምትለምነው አንድ ነገር ነው። "ውሃ ዳር የምትኖሩ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያባራ ደጅ ውጡና አድምጡ። ጩኸቱ ከአምናው አንሶ ካገኛችሁት ለከርሞ አትበሉ፤ ጎረቤታችሁ ዘንድ ሂዱ። ምን እንዳፈሰሰ ከመጠየቃችሁ በፊት ግን፣ እባካችሁ፣ እናንተ ያፈሰሳችሁትን ንገሩት።"