ጨላፊው አባቴና የጀልባው ዘፈን

ባለፈው ክረምት ወልቂጤ ላይ ያ ኃይለኛ ዝናብ የጣለ ቀን ሱቄ ውስጥ ውሃ ገባ። የምሸጠው ቀለምና የቧንቧ ዕቃ ስለሆነ ብዙም አልተጎዳሁም፤ ወለሉ ላይ ግን እስከ ቁርጭምጭሚት ቆመ። ባዶ የቀለም ጣሳ አነሳሁና ወደ ደጅ መጨለፍ ጀመርኩ። ትንሽ እንደቆየሁ ከጎኔ የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጠው ልጅ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። «ምን እየሆንክ ነው?» አለኝ። «አታይም እንዴ፣ ውሃ እያወጣሁ ነው» አልኩት። «እሱንማ አያለሁ። የምትዘፍነውን ነው የጠየቅኩህ» አለኝ። ወላሂ መዝፈኔን አላወቅኩም ነበር። ቤቱ እርጥብ ሲሚንቶና ጭቃ ጭቃ ይሸታል፣ እጄ ጣሳውን በግራ ትከሻዬ በኩል ወደ ኋላ ይደፋል፣ አፌ ደግሞ በራሱ ጊዜ «ሆ በል ጀልባዬ» ይላል።

ይኸውልህ፣ ዘፈኑ የአባቴ ነው። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ቡታጅራ ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበር። በወጣትነቱ ደግሞ ዝዋይ ሐይቅ ላይ፣ ሰውና እህል ወደ ደሴቶቹ በሚያሻግር ጀልባ፣ ቀዛፊ ነበር። ነበር ይለን ነበር ማለቴ ነው። ጠዋት ሱቁን ከፍቶ፣ የስፌት መኪናው ላይ ዘይት ጠብ አድርጎ፣ ፔዳሉን መርገጥ ሲጀምር ዘፈኑም አብሮ ይነሳል። ፔዳሉ ቀጭ ቀጭ ሲል እሱ ያወጣል፦

ማዶው ደሴቱ ቅርብ ይመስላል፣
ሲቀዝፉት ውሎ ሲመሽ ይርቃል።

እኛ ደግሞ ቤታችን ከሱቁ ጀርባ ስለሆነ ካለንበት እንቀበላለን፦ «ሆ በል ጀልባዬ፣ ሆ በል»። እናቴ ቆጮ እየከተፈች ትቀበላለች። እህቶቼ ልብስ እያጠቡ ይቀበላሉ። ደንበኛ ሳይቀር ልኩን እያስለካ ይቀበላል። አባቴ ግጥም አያልቅበትም። ለወፍራም ሰው ሱሪ ሲሰፋ ጀልባዋ ጭነት በዛባት ብሎ ይገጥማል፤ ልብሱን አሰፍቶ ወር ሙሉ ያልመጣ ሰው ሲመጣ ደግሞ ደሴት ላይ ተረስቶ የቀረ መንገደኛ ያደርገዋል። ሰዉ ይስቃል፣ ማንም አይቀየምም። ከዚያ ሁሉ ግጥም እኔ ዘንድ የቀረው ቅድም ያልኩህና ይቺ ብቻ ናት፦

የደሴቷ ልጅ ቶሎ ጥሪኝ፣
ሞገዱ መጥቶ ሳያስቀረኝ።

አዝማቹ ላይ ሲደርስ ታዲያ መቀሱንም ክሩንም ይተውና ቀኝ እጁን ወደ ታች ሰዶ፣ ከመሬት የሆነ ነገር እንደሚያፍስ አድርጎ፣ በግራ ትከሻው በኩል ወደ ኋላ ይጥለዋል። «እንዲህ ነው ጀልባ የሚቀዘፈው» ይለናል። እኛ ስድስት ልጆች ይህንን አምነን አደግን። እንዲያውም አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከጎንደር የመጡ የሕብረተሰብ መምህራችን «ጀልባ እንዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ አለ?» ሲሉ ብድግ ብዬ ወጣሁና አሳየሁ። መምህሩ ግራ ገብቷቸው ትንሽ አዩኝና «ጣና ላይ ሌላ ነው መሰለኝ» ብለው አለፉት። የክፍሉ ልጅ ሁሉ ከኔ ተማረ። ማን ያርመናል? ቡታጅራ ላይ ያለን ውሃ ሃረ ሸይጣን የሚባለው ገደል ውስጥ ያለ ሐይቅ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ድንጋይ መወርወር እንጂ ጀልባ የሚባል ነገር የለም።

ጣጣው የመጣው እኔ ወልቂጤ ኮሌጅ ገብቼ አንዲት የዝዋይ ልጅ ስወድ ነው። አሁን ባለቤቴ ናት። ያኔ ግን ገና ሻይ ቤት ተቀምጠን የምንለው ነገር ጠፍቶን ስኳር የምናማስልበት ጊዜ ነበር። አባቷ ባለ ጀልባ መሆኑን ስትነግረኝ ደስታዬን አልቻልኩትም። «የኔም አባት እኮ ሐይቃችሁ ላይ ቀዛፊ ነበር» አልኳት። እሷም ሳትውል ሳታድር ለአባቷ ነገረች።

ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ሲቃረብ ከዝዋይ መልእክት መጣ። የልጅቷ አባት የልጁ አባት ራሱ እንዲመጣ ይፈልጋል። በኛ ወግ ሽማግሌ ሲላክ አባት ቤቱ ይቀመጣል፤ ይህ ሰው ግን «ሐይቁ ላይ የቀዘፈ ሰው ከሆነ እንግዳ አይደለም፣ ይምጣና እንተያይ» አለ። ልጅቷ ደግሞ ለብቻዬ ደውላ አስጠነቀቀችኝ። «አባቴ ሁሉን ይችላል፣ ውሸት ግን አይችልም። ከዚህ በፊት አንዱ ነጋዴ ነኝ ብሎ ሽማግሌ ልኮ፣ ደላላ ሆኖ ሲገኝ ሽማግሌዎቹን ሻይ እንኳ ሳይጨርሱ ነው የሸኛቸው። ደግሞ አንዴ አይሆንም ካለ አለቀ» አለችኝ። እኔ ሳቅኩ። ምን አስጨነቀኝ፣ አባቴ እንደሁ ቀዛፊ ነው።

ለአባቴ ስነግረው ፔዳሉ ቆመ። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ ቀረ።

«ውሃው ቀንሷል አሉ» አለ።

«ምን አገናኘው አባ?»

«ማለቴ... ወገቤንም እያመመኝ ነው። ሽማግሌዎቹ ይበቃሉ።»

«ሰውየው አንተን ነው የጠራው። ካልሄድክ ንቆናል ይላል።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ብዙ ጠረገው። ከዚያ «ኢንሻአላህ» አለ፤ እንደሱ ያለ የቀዘቀዘ ኢንሻአላህ ሰምቼ አላውቅም።

ከሱ ጋር የሄደው ዋናው ሽማግሌ ጎረቤታችን ሥጋ ሻጩ ነበር። ጥሩ ሰው ነው፣ ምላሱ ብቻ አያርፍም። እኔ መሄድ አልነበረብኝም፤ ግን ቤት መቀመጥ አቃተኝና አብሬያቸው ተሳፈርኩ። እንሴኖን አልፈን ቁልቁል ወደ ሐይቁ ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ፣ አቧራው እየነጣ ሄደ። ሥጋ ሻጩ መንገዱን ሙሉ ለተሳፋሪው ስለ አባቴ ይሰብካል፤ «ይሄን ሰው ታዩታላችሁ? ሐይቁን ለሁለት የሰነጠቀ ሰው ነው።» አባቴ መስኮቱን ያያል። ሐይቁ ከሩቅ ብልጭ ሲል ዓይኑን ጨፈነ።

እኔ ዳር ላይ ያለ ዓሣ ቤት ተደብቄ ልጠብቅ ገባሁ። ገና የተጠበሰውን ዓሣ ሳልነካ አንድ ልጅ መጥቶ «ሙሽራው አንተ ነህ? ይምጣ፣ ምን ያፍራል ብለውሃል» አለኝ። ስደርስ ሁሉም ውሃው ዳር ቆመዋል። የልጅቷ አባት ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ ሰው ነው። ሰላምታችንን ተቀብሎ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቆ፣ «ከዱአ በፊት ትንሽ ነፋስ እንቀበል» ብሎ ወደ ጀልባው ጠቆመ። ሥጋ ሻጩ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቃል አልወጣውም። የባለ ጀልባው ሁለት የወንድም ልጆች ለመቅዘፍ ተቀመጡ። ባለ ጀልባው ግን የአንደኛውን መቅዘፊያ ወስዶ ለአባቴ ሰጠው። «እስቲ እጅህን እንየው» አለ።

አባቴ መቅዘፊያውን እንደ ብርቅ ዕቃ ተቀበለው። አንዴ ገፋ፤ ጀልባዋ ዞረች። ደገመ፤ በሌላው በኩል ዞረች። ሦስተኛ ሲገፋ ፊታችንን ከተማው፣ ጀርባችንን ሐይቁ አድርገን ወደ ኋላ መሄድ ጀመርን። ዳር ላይ ዓሣ የሚያጸዱ ልጆች ሥራ አቁመው ያዩናል። የወንድም ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሥጋ ሻጩ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ ቁርአን ይቀራል። እኔ የማስበው ስለ ሻዩ ብቻ ነው። ሻይ እንኳ አልቀመስንም፤ ከደላላው ብሰን ልንሸኝ ነው። ልጅቷን ጨርሼ እንዳጣኋት አወቅኩት።

ባለ ጀልባው መቅዘፊያውን ተቀብሎ ለወንድሙ ልጅ መለሰና ወደ ውስጥ አስገቡን። መሃል ልንደርስ ስንል እግሬን ቀዘቀዘኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጫማዬ ውሃ ውስጥ ነው። ሥጋ ሻጩም አየና ቁርአኑን ጮክ አደረገው።

አባቴ ግን ያኔ ሌላ ሰው ሆነ። ማንንም ሳያማክር ሱሪውን ጠቀለለ፣ ከመቀመጫው ሥር ጣሳ ጎትቶ አወጣ፤ ጣሳው እዚያ እንዳለ በምን አወቀ? የጀልባዋ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ቀዛፊዎቹ አዙሮ፣ ቀኝ እጁን ወደ ታች ሰደደ። ጨልፎ በግራ ትከሻው በኩል ወደ ኋላ ደፋው። ያቺው እንቅስቃሴ ናት። አራተኛ ክፍል ሆኜ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ያሳየኋት፣ ራሷ። ከዚያ ድምፁን አወጣ፦ «ማዶው ደሴቱ...»

የወንድም ልጆቹ ሳያውቁት መቅዘፊያቸው ከዘፈኑ ጋር ገጠመ። እኔም ተቀበልኩ፣ ከልማድ። ጀልባዋ ቀጥ ብላ መሄድ ጀመረች፣ ውሃው ከእግራችን ሥር ጎደለ። አባቴ ላብ በላብ ሆኖ ግጥም በግጥም ላይ ይጨምራል። ከስፌት መኪናው ኋላ እንደዚያ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም።

ባለ ጀልባው ዳር እስክንደርስ ጠበቀ። ከዚያ «አንተ ቀዛፊ አልነበርክም» አለ። «ጨላፊ ነበርክ።»

አባቴ ጣሳውን እንደያዘ ቀረ። «አዎ» አለ፣ እኔን ሳያይ። «ከዳር እዳር ውሃ ስጨልፍ ነው የኖርኩት። መቅዘፊያ አልነካሁም። ልጆች ወለድኩና አንድ ቀን ሐይቁ ላይ ምን ትሠራ ነበር አሉኝ። የሰው እግር ሥር ቁጭ ብዬ ውሃ እደፋ ነበር ልበላቸው?»

የባለ ጀልባውን አፍ አፉን አየሁት።

«ቀዛፊማ ትንፋሽ የለውም፣ በምን ይዘፍናል» አለ ባለ ጀልባው ቀስ ብሎ። «ዘፈኑን የሚያወጣው ጨላፊው ነው። ልጅቷ ‹አባቱ ቀን ሙሉ የጀልባ ዘፈን ያወጣል› ስትለኝ ነው የጠረጠርኩት።» ኮፍያውን አነሳና ራሱን አከከ። «ውሸት አልወድም። ይቺ ጀልባ ግን ከረመዳን በፊት ጀምሮ ታፈሳለች። ደህና አስመስዬ ያስገባኋችሁ እኔ ነኝ። እንግዲህ ምን ይባላል? ተያይዘናል። ግቡ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል።»

ሥጋ ሻጩ ምላሱ የተመለሰለት ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ነው። ዱአው ተደረገ፣ የኒካሁ ቀን ተቆረጠ፣ እኔ በደስታ የምሆነውን አጣሁ። ልጅቷ በመጋረጃው ቀዳዳ አይታኝ ስትስቅ ጫማዬ ገና እየጮኸ ውሃ ይተፋ ነበር።

ስንመለስ አባቴ አውቶብስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። እንሴኖ ስንደርስ «እናትህ እንዳትሰማ» አለኝ። «አባ፣ እኔ እኮ ዛሬ ስትጨልፍ እንዳየሁህ ኮርቼብህ አላውቅም» አልኩት። እውነቴን ነበር። «ተወው» አለኝ፣ ጉልበቴን መታ መታ አድርጎ።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን ዘፈኑን አልዘፈነም። ሠርጌ ላይ የዝዋይ ሰዎች አጨብጭበው ቢለምኑት «ሥጋው ደረሰ ወይ ልይ» ብሎ ወጣ። ሱቁ ውስጥ የሚሰማው የፔዳሉ ድምፅ ብቻ ሆነ። ደንበኞች ታመመ ወይ ይላሉ፤ እሱ ጉሮሮዬን ነው ይላል። ዓመታት እንዲህ አለፉ። እኔ ምስጢሩን ጠብቄ፣ እሱም ጠብቆ፣ በዚያው ሄደ።

ከሞተ በኋላ አንድ ቀን ለእናቴ ነገርኳት። ከት ብላ ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። «ጨላፊ መሆኑንማ ሳንጋባ ነው ከሰው የሰማሁት» አለች። «ያን ሁሉ ጊዜ ለዚህ ነው ዝም ያለው? ምነው አንድ ቃል ቢለኝ ኖሮ።»

ባለፈው አረፋ ስድስታችንም ቡታጅራ እሷ ጋ ተሰበሰብን። ከምሳ በኋላ ትንሿ እህቴ «እስቲ የአባን ዘፈን» አለች። ሁሉም ተስተካክሎ ተቀመጠ። ከዚያ ተያየን። ለካ እድሜያችንን ሙሉ ስንቀበል ነው የኖርነው፤ የሚያወጣ አንድም የለም። እኔ ያቺኑ ሁለት ግጥሜን አወጣሁ፣ ተቀበሉኝ፣ አለቀች። ልጆቹ ወደ ስልካቸው ተመለሱ።

እናቴ ግን አላቆመችም። ቀስ ብላ «ሆ በል ጀልባዬ፣ ሆ በል» አለች ለብቻዋ። ከዚያ አንድ ግጥም የሚያህል ጊዜ ዝም ብላ ጠበቀችውና፣ እንደገና ተቀበለችው።