ጉድጓዱ አፍ ላይ የቀሩት ጫማዎች

እኔ ፈሪ ነኝ። ሰው እንዲህ ብሎ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሆነ ጀግንነት ያመጣል፤ እኔ የማመጣው የለኝም። በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ፣ ባልጠበቅኩት ሰዓት ስልክ ሲጠራ ልቤ ይወርዳል። ከሁሉም በላይ ግን ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲሮጥ ስሰማ ባለሁበት ደርቄ እቀራለሁ። ይህኛውን ከጅጅጋ ነው ይዤው የመጣሁት። በ2010 ክረምት ከተማው የታመሰ ጊዜ፣ እኔና ባለቤቴ ጎረቤቶቻችን ጓዳ ውስጥ ከስኳር ጆንያ ጀርባ ተቀምጠን፣ የሩጫ ድምፅ በአጥሩ ሥር ሲያልፍና ሲመለስ ስንሰማ ዋልን። የደበቁን ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች ነበሩ። እናትየዋ ምንም እንዳልተፈጠረ በሩ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። እኛ ላይ ምንም አልደረሰም። ያ የእግር ድምፅ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

ባለቤቴ የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነው። ዝውውር ጠይቆ ከሽንሌ ወዲያ ባለች አንዲት የሐዲድ ዳር ወረዳ ተመደበ፤ እኔም ተከተልኩት። ትንሽ ቆይቶ በዚያው ወረዳ የኮሙኒኬሽን ሠራተኛ ሆንኩ። ለፈሪ ሰው የተሰጠውን ሥራ እዩልኝ እንግዲህ፤ ድምፅ ማጉያ! ምክር ቤቱ የወሰነውን፣ የትኛው ቀበሌ የውሃ ቦቴ እንደሚሄድለት፣ የሕፃናት ክትባት መቼ እንደሆነ፣ የእርዳታ ስንዴ የት እንደሚታደል፣ ይህን ሁሉ ለከተማው ማሰማት የእኔ ኃላፊነት ነበር። አብዛኛውን ጊዜ መኪና ስለማይገኝ የድምፅ ማጉያውን ቀንድ ጽሕፈት ቤቱ ጣሪያ ላይ ሰቅለነዋል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ አንድ ቀንድ ዳር እስከ ዳር ይበቃታል።

የእኔ ሶማሊኛ ከገበያ ስለማያልፍ ማስታወቂያውን በአማርኛ እጽፋለሁ፣ ተርጉመው የሚያነቡት ደግሞ አንድ አዛውንት ባልደረባዬ ናቸው። የድሮ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ድምፃቸው ማይክሮፎን እንኳ አያስፈልገውም። ሁላችንም አደር እንላቸዋለን፣ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። ከእኚህ ሰው ጋር በፍቅርም በጭቅጭቅም ኖረናል። የጭቅጭቃችን ምክንያት አንድ ነበር፤ ምንም ነገር ብጽፍላቸው፣ መጀመሪያ ‘ነበድ’ ሳይሉ አይጀምሩም። ሰላም ነው ማለት ነው።

በዚህ አገር ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ‘ወረን’ ይባባላል፤ ወሬ አምጣ፣ ምን አለ? መልሱ ሁልጊዜ ከሰላም ይጀምራል። ከዚያ ዝናቡ፣ ሳሩ፣ ከብቱ፣ የሰዉ ጤና ይከተላል፤ ክፉ ነገር ካለ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ግመል የሞተበት ሰው እንኳ ነበድ ብሎ ነው የሚጀምረው። አደር ድምፅ ማጉያውንም መንገድ ላይ እንደሚያገኙት ሰው አድርገውታል። የሚገርመው ከተማውም እንደዚያው ይቀበላቸዋል፤ እሳቸው ከጣሪያው ‘ነበድ’ ሲሉ፣ ማዶ ሻይ ቤት የተቀመጡት ሰዎች ብርጭቋቸውን እንደያዙ ‘ነበድ’ ብለው ለቀንዱ ይመልሱለታል። የመጀመሪያ ቀን ሳይ ሳቄ አምልጦኝ ነበር።

“አደር፣ ይህ እኮ የምክር ቤት ማስታወቂያ ነው” እላቸዋለሁ። “በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይግቡ እንጂ።”

“ልጄ፣ ሰላም ሳልላቸው ጉዳዩን ብነግራቸው የተጣሉኝ ይመስላቸዋል” ይሉኛል። ወረቀቱ ላይ ሰላም የሚል ቃል እንደሌለ እያዩ፣ ነበድ ብለው ይጀምራሉ።

የከተማዋ ውሃ የሚመጣው ከወንዙ ነው። ወንዝ ስል ውሃ እንዳይመስላችሁ፤ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ አሸዋ ነው። ግመል ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አሸዋው መሐል ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ ፓምፕ ገብቶበታል፣ ከተማው የሚጠጣው ከዚያ ነው። አሸዋ ፓምፑን ሲያንቀው ባለቤቴ በመሰላል ይወርዳል። እሱ ታች ሲሠራ ውሃው እንዳይሞላበት ጉድጓዱ አፍ አጠገብ የቆመ ጄኔሬተር ሌላ ትንሽ ፓምፕ እያንቀሳቀሰ ይመጥጥለታል። ጄኔሬተሩ ሲጮህ እታች ያለ ሰው ምንም አይሰማም። ባለቤቴ ጫማውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ያወልቃል፣ ስልኩን አንደኛው ጫማ ውስጥ ይከታል፣ ባዶ እግሩን ይወርዳል። ይህን ልማዱን ስንት ጊዜ ነገርኩት! “ታዲያ ስልኬን ውሃ ይግባበት?” ይለኛል።

የዚያን ቀን ማስታወቂያው በጠዋት ተነቧል፤ ፓምፑ ስለሚጠገን ውሃ የለም፣ ኅብረተሰቡ በትዕግሥት ይጠብቅ። ኃላፊዎቹ በወረዳው ብቸኛ መኪና ለስብሰባ ሽንሌ ሄደዋል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ሙቀቱ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ያለው ወረቀት እንኳ የሚያልበው ያስመስላል። ስልኬ ጠራ። ወንዙ ከሚመጣበት ተራራ ላይ ካለ ወረዳ፣ ሥልጠና ላይ የተዋወቅኳት እንደኔው የኮሙኒኬሽን ሠራተኛ የሆነች ሴት ናት።

“እናንተ ዘንድ ዝናብ አለ?” አለችኝ።

“ኧረ የምን ዝናብ! እየተቃጠልን ነው።”

“እዚህ ከሌሊት ጀምሮ እየወረደ ነው። ወንዙ ድልድያችንን አልፎታል። ወደናንተ ነው የሚወርደው፤ ቶሎ ሰው አስወጡ።”

ስልኩን ዘግቼ የባለቤቴን ቁጥር መታሁ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ መታሁ። በዓይነ ሕሊናዬ ጫማው ይታየኝ ነበር፤ ግራውና ቀኙ ጎን ለጎን፣ አንደኛው ውስጥ ስልኩ እየጮኸ፣ ከጎኑ ጄኔሬተሩ እየጮኸ፣ እሱ ደግሞ ታች ጭቃ ውስጥ ቆሞ ብሎን እየፈታ። “አደር!” ብዬ ጮህኩ፤ አማርኛም ሶማሊኛም ቀላቅዬ ነገርኳቸው፣ ጎርፍ፣ ጉድጓድ፣ ባሌ።

አዛውንቱ አልዘገዩም። ማይክሮፎኑን ከፈቱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ነበድ” አሉ።

“ሰላም አይደለም!” ብዬ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ ሽማግሌ ላይ የጮህኩት ያን ቀን ብቻ ነው። እሳቸው ግን አንዴ ጀምረዋል። ሌላ አወራር አያውቁም፤ በተራው እየሄዱ ነበር፦ ሰላም ነው፣ ተራራው ላይ ዝናብ ጥሏል፣ አላህ ይመስገን፣ ውሃው ወደኛ እየመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ‘ከወንዙ ራቁ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሰው አለ፣ አስወጡት’ ያሉት። ያን ግን የሰማው የለም። ምክንያቱም ‘ውሃው እየመጣ ነው’ ሲሉ ከተማው ተነሥቶ ነበር።

እኔ ጎርፍ ሲባል የሚታየኝ ሞት ነው። ዝናብ ደጋግሞ የቀረበት አገር ግን ጎርፍ ሲባል የሚሰማው ምሥራች ነው። ደግሞ ውሃ ከጠዋት ጀምሮ ተቋርጧል። ሴቶቹ ጀሪካን እያነሡ፣ ልጆች እየጨፈሩ፣ ፍየል የሚነዳው ፍየሉን እየነዳ፣ ሁሉም ወደ ወንዙ። ራቁ የተባለው ሰው በሙሉ ወደዚያው ሮጠ። ማስታወቂያችን ሊያድን ፈልጎ ከተማውን ሁሉ ወደ ጎርፉ ነዳው።

እኔም ወጣሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሮጥኩ። ከገበያው በስተጀርባ ያለችው ጠባብ መንገድ ላይ ስደርስ ከኋላዬ መጡ። ያው ድምፅ፣ ጅጅጋ በአጥሩ ሥር ሲያልፍ የሰማሁት፣ ብዙ እግር አንድ ላይ። እየጮሁ ነበር። የደስታ ጩኸት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰውነቴ ግን አላወቀም። አንድ የተዘጋ ሱቅ ቆርቆሮ ላይ ተለጠፍኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። መንቀሳቀስ አቃተኝ። ባሌ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ጎርፉ እየመጣ ነው፣ እኔ ሱቅ በር ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን እንቀጠቀጣለሁ። ሰዎቹ ትከሻዬን እየነኩ አለፉ። አንዷ “ነይ፣ ነይ!” ብላ እጄን ሳበችኝ፤ ጣቴን ከቆርቆሮው ማላቀቅ ስላልቻልኩ ትታኝ ሄደች።

ጆሮዬ ላይ ስልኩ አሁንም ይጠራ ነበር። እስከጠራ ድረስ ጫማው አለ፣ ጫማው ካለ ውሃው አልደረሰም ብዬ ያንን ጥሪ እንደ ነፍሴ ያዝኩት። ከዚያ ከወንዙ በኩል አንድ ድምፅ መጣ። ከባድ መኪና ጠጠር ሲገለብጥ የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ግን አያቆምም። ጥሪው ተቋረጠ። ወዲያው መልሼ መታሁ። ‘የደወሉላቸውን ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም’ አለችኝ ሴትዮዋ፣ በዚያ በማይለወጥ ጨዋ ድምፅዋ።

ከዚያ በኋላ እንዴት ወንዙ ዳር እንደደረስኩ አላስታውስም። የማስታውሰው አሸዋው እንዳልነበረ ነው። ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ውሃ ሆኗል፣ ዛፍ ከነሥሩ ተሸክሞ ይሄዳል። ጄኔሬተሩ የለም፣ የመሰላሉ ጫፍ የለም፣ ጉድጓዱ የት እንደነበረ ማወቅ አይቻልም። ከዳሩ ከፍ ብሎ ሕዝቡ ቆሞ እልል ይላል። ለማን ነው እልል የሚሉት? ጠላኋቸው። እውነቴን ነው፣ ለዚያች ቅጽበት ሁሉንም ጠላኋቸው። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

“አንቺ፣ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?” የሚል ድምፅ ከላዬ ሰማሁ።

ባለቤቴ ነው። እስከ ወገቡ ጭቃ፣ ባዶ እግሩን፣ መዳፉን አናቱ ላይ ጭኖ ቆሟል። አናቱ ላይ እብጠት ነበረው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ወደ ወንዙ ከሮጡት ውስጥ አንዲት ሴት ከሁሉ ቀድማ አሸዋው መሐል ደርሳለች፤ ጎርፉ ይዞት ከሚመጣው የመጀመሪያ ውሃ ልትቀዳ ነው የሮጠችው፣ የአደርን ማስጠንቀቂያ አልሰማችም። በጉድጓዱ በኩል ስታልፍ ሁለት ጫማ አየች። ጫማ ካለ ሰው አለ። ተጣራች፣ ጄኔሬተሩ ዋጣት። ጊዜ አላባከነችም፣ የያዘችውን ባዶ ጀሪካን በጉድጓዱ አፍ ለቀቀችው። አናቱ ላይ አረፈ። እሱ የወጣው ጎርፍ ፈርቶ አይደለም፣ ሊሳደብ ነው። አፉን ከፍቶ ብቅ ሲል ሴትዮዋና ከኋላዋ የደረሱት ሰዎች በክንዱ ይዘው እየጎተቱ ሮጡ። ጫማውን ለማንሣት ዞር ብሎ እንደነበር እሱ ራሱ ነገረኝ፤ አልለቀቁትም እንጂ። እልልታው ለእሱ ነበር።

ይህን ሳይነግረኝ በፊት፣ ገና እኔ መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ፣ አንዲት አሮጊት መጥተው ጭቃ የለበሰ እጁን ያዙትና ያንኑ ሁሉም የሚጠይቀውን ጠየቁት፤ “ወረን?” አሉት። የወሎ ልጅ ነው፣ ሶማሊኛው ከእኔም ይብሳል። ወደ ወንዙ አየ፣ ወደ እኔ አየ። “ነበድ” አለ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

በማግስቱ የተጻፈው ማስታወቂያ ከሠራኋቸው ሁሉ የከፋው ነበር። ፓምፑ ተወስዷል፣ ጄኔሬተሩ ተወስዷል፣ ጉድጓዱ በአሸዋ ተደፍኗል። ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ቦቴ እንዲመጣ ጠይቋል፣ መቼ እንደሚመጣ ግን አልታወቀም። አደር ወረቀቱን አንብበው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ስለጮህኩባቸው ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። ማይክሮፎኑን እኔ ያዝኩትና “ነበድ” አልኩ። ድምፄ ተሰነጠቀ። ማዶ ሻይ ቤት ያሉት ቀና ብለው ወደ ቀንዱ አዩ፤ የሴት ድምፅ መሆኑ ገርሟቸው ይሆናል፣ ግን መለሱልኝ። የቀረውን ክፉ ክፉውን አደር ቀጠሉት።

አሁን ሌላ ጉድጓድ አለ፣ ከመጀመሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ። ፍርሃቴ አልተሻለኝም፤ ብሶብኛል ብል ነው የሚሻለው። ባለቤቴ በሚወርድበት ቀን ጠዋት ወደ ተራራው እደውላለሁ፣ ስለ ሰማዩ እጠይቃለሁ። ከዚያ ከቢሮ አስፈቅጄ ሄጄ ጉድጓዱ አፍ ላይ እቀመጣለሁ። ጫማዎቹን መሬት ላይ አያስቀምጣቸውም፣ ጭኔ ላይ ናቸው፤ ስልኩ ውስጣቸው ነው። በየመሐሉ ጄኔሬተሩን አጠፋና ወደ ታች ጎንበስ ብዬ “ወረን?” እላለሁ። ሥራ አስፈታሽኝ እያለ ይነጫነጫል፤ ግን ነበድ ሳይል አያልፍም። አንዳንድ ቀን ሊያሾፍብኝ ትንሽ ዝም ይላል። ያኔ ጫማዎቹን ደረቴ ላይ አጥብቄ እይዛቸዋለሁ፣ እስኪመልስልኝም አልተነፍስም።