ከአጥሩ ማዶ የሚተኮሰው

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ወንድሜ ከሳን ሆዜ በስተምሥራቅ ባሉት ኮረብቶች ላይ የአንድ ሐኪም ፈረሶችን ይጠብቅ ነበር። ደመወዙ ይህን ያህል ባይሆንም ከሥራው ጋር ቤት ተሰጥቶታል። አክስታችን ከሱዳን ሲመጡ መጀመሪያ ያረፉት ኦክላንድ እኔ ጋ ነው፤ ግን ወር እንኳን አልቆዩም። "ሁለተኛ እዚህ ሊፍት የምትሉት ሣጥን ውስጥ አልገባም" ብለው ወንድሜ ጋ ሄዱ። እኔም ከፓርኪንግ ሥራዬ ቅዳሜ ኦፍ ስለነበርኩ፣ አርብ አርብ እየነዳሁ ሄጄ እነሱ ጋ አድራለሁ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ተኩስ ተሰማ። ጧ! ጧ! ጧ! እኔ ወለሉ ላይ ተደፋሁ። አክስቴ ግን ቆመው አዳመጡና "ትልቅ ሰው ሞቷል" አሉ።

እሳቸው ባደጉበት ገጠር የተከበረ ሰው ሲቀበር ጥይት ይተኮሳል። "አክስቴ፣ ይሄ እኮ አሜሪካ ነው፤ ለመዝናናት ነው የሚተኩሱት" ብላቸው፣ "ሰው በጠዋት ተነስቶ በጥይት ይዝናናል? አንቺ ደግሞ!" ብለው ገሠጹኝ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። ለቅሶ ቤት ንፍሮ መያዝ አለበት፤ ለመቀቀል ደግሞ ጊዜ የለም። ስለዚህ ሁለት የታሸገ ባቄላ ከፍተው፣ አጥበው፣ አሞቁና በጎድጓዳ ሳህን አስያዙኝ። ወንድሜ ፈረሶቹ ጋ ነው፤ የሚያስቆምልኝ ሰው የለም። እየሳቅኩም እየፈራሁም ተከተልኳቸው።

ጎረቤቱ ሰባ ዓመት የሚሆነው፣ ባለ ነጭ ጢም ረጅም ፈረንጅ ነው። ጆሮው ላይ የድምፅ መከላከያ ደፍቶ፣ ባዶ የቀለም ቆርቆሮዎች ግንድ ላይ ደርድሮ ይተኩሳል። አክስቴ ገና ሲያዩት "ወይኔ ወንድሜን!" ብለው ደረታቸውን መቱ። ሰውዬው ደንግጦ ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ጆሮውንም ገለጠ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! "ይቅርታ፣ ሰው የሞተ መስሏቸው ነው፤ በእኛ አገር..." እያልኩ ስቀባጥር አቋረጠኝ።

"ባለቤቴ ሞታለች" አለ። "ዓመት አልፏታል። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ነበር የምንተኩሰው። ኢላማ የምትመታው እሷ ነበረች፤ እኔስ እስታለሁ።"

ተርጉሜ ነገርኳቸው። "ሰው ሞቷል አላልኩሽም?" ብለው በድል አድራጊነት አዩኝ። ከዚያ አጠገቡ ጉቶ ላይ ተቀምጠው ለቅሷቸውን ቀጠሉ። ሰውዬውም ቆሞ ባቄላውን እየበላ እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል። ለካ ለሚስቱ ቤቱ ድረስ መጥቶ ያለቀሰለት ሰው አልነበረም። አንጀቴን በላው።

የአክስቴ ለቅሶ ግን ለሰውዬው ሚስት ብቻ አልነበረም። በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ልጃቸውን በጥይት ገድለውባቸዋል፤ ማልቀስም ተከልክለው ነበር። ድምፃቸው ውጭ እንዳይሰማ አፋቸው ውስጥ ጨርቅ ጎስጉሰው ነው ያለቀሱት። ቤታችን ውስጥ ስለ እሱ አይወራም። ያን ቀን ለቀብር መስሏቸው ጸኑ እንጂ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች ተኩሱ ሲጀምር እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ስኒ መያዝ ያቅታቸው ነበር። "ልንገረውና ያቁም" ስላቸው፣ "ተይው፣ የሚስቱ ነገር ነው" ይሉኛል።

በዓመቱ ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ደንብ ሊያወጣ ነው ተባለ። ከኮረብታው ሥር አዳዲስ ቤቶች ተሠርተው፣ የገቡባቸው ሰዎች በተኩስ ተማረው ነበር። በአዲሱ ደንብ፣ በገዛ መሬትህም ቢሆን ሰው ከሚኖርበት ቤት አቅራቢያ መተኮስ ክልክል ነው፤ የዚያ ቤት ነዋሪ ከፈቀደልህ ግን ትችላለህ። ለሰውዬው የሚቀርበው የኛ ቤት ብቻ ነው። ወንድሜ "እኔ ውጭ ነው የምውለው፤ ድምፁን የሚሰሙት እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ይወስኑ" አለ። እንዲህ ሆኖ የሰውዬው ቅዳሜ በአክስቴ አንደበት ላይ ወደቀ። ሊለምናቸው መጥቶ እንኳ አፍሮ፣ ባርኔጣውን ሲያሻሽ ቆይቶ "እንደ ፈለጉ" ብሎ ሄደ።

ካውንቲው ነዋሪውን ጠርቶ ይፈቅዱ እንደሆነ ወደሚጠይቅበት ስብሰባ፣ ወደ ሂሪንጉ ስንሄድ፣ መኪና ውስጥ ጨቀጨቅኳቸው። "እምቢ ይበሉ! እሱ ሚስቱን እንዲያስታውስ እርስዎ ይንቀጥቀጡ? የእርስዎስ ሐዘን ሐዘን አይደለም?" አልኳቸው። እሳቸው መንገዱን ያያሉ። ተናድጄ ራዲዮ ከፈትኩ።

ተራቸው ደርሶ ማይክሮፎኑ ፊት ቆሙ፤ እኔ አጠገባቸው ሆኜ አስተረጉማለሁ። ሰብሳቢዋ "ድምፁ ይረብሽዎታል?" ስትል ጠየቀቻቸው።

"በጣም" አሉ። "ልጄን በጥይት ገድለውብኛል። ገና ጢም እንኳን አላበቀለም ነበር። አታልቅሺ አሉኝ።"

ተረጎምኩ። ከኋላችን ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ጎረቤታችን ብድግ ብሎ ቆሟል። ስለ ልጃቸው አያውቅም ነበራ!

"ታዲያ አይፈቅዱም ማለት ነው?" አለች ሰብሳቢዋ።

"እፈቅዳለሁ እንጂ! ደጁ ሄጄ ሳለቅስ ጠመንጃውን አስቀምጦ አብሮኝ ያለቀሰ ሰው ነው። እንዴት አድርጌ ሐዘኑን እከለክለዋለሁ? እኔ ተከልክዬ አውቀዋለሁ።"

ሰውዬው ተራውን ሳይጠብቅ፣ ኢላማዎቹን ድምፁ እኛ ቤት ወደማይደርስበት ወደ ኮረብታው ጀርባ እንደሚወስድ ተናገረ። ስንወጣ በሩ ላይ የአክስቴን እጅ ይዞ፣ ስለ ልጃቸው ማዘኑን ንገሪልኝ አለኝ። መተርጎም አላስፈለገም፤ ገብቷቸዋል።

መኪና ውስጥ ቀበቷቸውን ሳስርላቸው እጄን ያዙኝ።

"አየሽ አይደል?" አሉኝ። "መንግሥት ፊት ቆሜ፣ ልጄን በጥይት ገደሉብኝ አልኩ። አንድም ሰው ዝም በይ አላለኝም።"

ከዚያ እዚያው ፓርኪንጉ መሀል፣ መስኮቱን ከፍተው፣ ልጃቸውን ጮክ ብለው በስሙ እየጠሩ አለቀሱት።