የእትዬ አመተ ማርያም ቀይ ጽዋ

እትዬ አመተ ማርያም የተወለዱት ካርቱም ነው። እናታቸው ሲሞቱ፣ በ1977 ዓ.ም.፣ ባዶዋን ቤት መቋቋም አቅቷቸው ወደ እናታቸው አገር ወደ አንኮበር መጡ። ዘመዶቻቸው እግር አጥበው፣ አብልተው ተቀበሏቸው። ታዲያ አንድ እሑድ ሰንበቴ ላይ አባታችን ሆይ ሲባል እሳቸው በልጅነታቸው ከግብጾቹ ቤተ ክርስቲያን በለመዱት ዐረብኛ ደገሙት። አጠገባቸው የነበሩት ሴቶች ተያዩ።

«ይቺ ደግሞ የየት አገር ክርስቲያን ናት?» አለች አንዷ።

ከዚያ በኋላ ሰንበቴ የሚጠራቸው ጠፋ።

ደብረ ብርሃን ሄደው ሱፍ እየፈተሉ መኖር ጀመሩ። የከተማው ሰው «የመጤዎች ማኅበር» እያለ የሚቀልድበትን የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ያገኙት እዚያ ነው። ጋሼ ኪዳነ ማርያም ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ ወጥ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። እትዬ አልታየች የባቡር ሠራተኛ ባላቸውን ተከትለው ጅቡቲ አርጅተዋል ማለት ይቻላል። የማኅበሩ የነፍስ አባት አባ ወልደተንሣኤ ግን «ከጣርማበር ወዲያ አልፌ አላውቅም፤ እዚህ መጤው እኔ ነኝ» ይሉ ነበር።

ማኅበሩ እትዬ አመተ ማርያምን ተቀበለ። ግን የአባልነት ፈተናው ተራ ሲደርስ ነው፤ ጽዋው ቤት ይገባል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ ማኅበርተኛው ይጠራል። የእሳቸው ተራ ጥር ላይ ወደቀ። ይህም ማኅበር ከተበላሸ የሚሄዱበት ሌላ ደጅ አልነበራቸውም። ስለዚህ ማንም ጉድለታቸውን እንዳያይ ሁሉን ብቻቸውን ሊሠሩ ቆረጡ። አሠራሩን ብቻ ከእትዬ አልታየች ጠይቀው ጠነሰሱ። ጋኑንም እናታቸው የውኃውን ማሰሮ ከፀሐይ ያሸሹ እንደነበረው፣ ደጅ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር አስቀመጡት።

ካርቱም ላይ ጥላ ማለት ሕይወት ነው። የደብረ ብርሃን የጥር ጥላ ግን ውርጭ ነው። በማኅበሩ ጧት ጋኑን ሲከፍቱት ጠላው አልፈላም፤ ጌሾው ከላይ ተኝቶ፣ ሥሩ እንደ ምንጭ ውኃ ቀዝቅዞ ጠበቃቸው።

ቁጭ ብለው አለቀሱ። ከዚያ ተነሥተው ከሱዳን ይዘውት የመጡትን ከርከዴ፣ ቀዩን የአበባ ሻይ፣ ቀቀሉ። መጠጥ በተከለከለበት ካርቱም የሐበሻው ማኅበር ጽዋውን የሚሞላው በዚያ ነበር።

አባ ወልደተንሣኤ ሊባርኩ የጽዋውን መሸፈኛ ሲገልጡ እጃቸው ቆመ።

«እንዴ! ይህ ምንድን ነው የቀላው?»

እትዬ አመተ ማርያም መሬት መሬቱን እያዩ መለሱ። «ጠላዬ እምቢ አለኝ፣ አባ። ደጅ... ጥላ ላይ አስቀምጬው...»

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ አልታየች ናቸው። ነጠላቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«ጥላ ላይ! እኔስ ከጅቡቲ የመጣሁ ዓመት የጠላዬን ጋን የት ያኖርኩ ይመስልሻል? ጉድጓድ ምሼ ቀበርኩት እንጂ! እንዳይሞቀው ብዬ!»

«ያንን ጠላ እኔም ጠጥቻለሁ» አሉ ጋሼ ኪዳነ ማርያም። «ጠላ ከተባለ።»

«አንተ ዝም በል! ሁለቴ አስቀድተህ!»

አባ ወልደተንሣኤም እየሳቁ ወደ ጽዋው ተመለሱ። «መድኃኔ ዓለም የካርቱሙን ማኅበር በዚህ ባርኮ ከነበረ፣ እኔ ማነኝና እከለክላለሁ?» አሉና ባረኩት። ጽዋው ዞረ። ጋሼ ኪዳነ ማርያም ሲጠጡ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ኢየሩሳሌም ሳሉ በፋሲካ ሰሞን የግብጽ መነኮሳት ይህንኑ ያጠጧቸው እንደነበር ተናገሩ። ከዚያ «ጸሎታቸውም በዐረብኛ ነበር። እስቲ አንቺ በይልን» አሏቸው።

እትዬ አመተ ማርያም አባታችን ሆይን በዐረብኛ ጀመሩ። ማንም አልተያየም። ሲጨርሱ ሁሉም አንድ ላይ አሜን አለ።

ጽዋውን የሚቀበሉት ባለተራ እትዬ አልታየች ነበሩ። ሲወጡ ደጃፉ ላይ ቆም አሉና ተቆጡ፤

«ለምን አልጠራሽኝም? ብቻሽን የምትንገላቺው ሰው የሌለሽ ነሽ? እኔ ስጠነስስ በጧት እንድትመጪ!»

በጥንስሱ ዕለት እትዬ አመተ ማርያም በጧት ሄዱ። ማንም ወንበር አላቀረበላቸውም፤ አረፍ በሉም ያላቸው የለም። እትዬ አልታየች ከጓዳ ብቅ ብለው ጋቢ ወረወሩላቸውና «ቶሎ በይ፣ ያንን ጋን ጠቅልዪው» አሏቸው። እትዬ አመተ ማርያም እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ።