ለሙሽሪት መኪና ጎሚኒ ስንመርጥ

ሥራ በጀመርኩበት ጠዋት አለቃዬ አንድ ያለቀ ላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጎ፣ "ይሄ ምን ይባላል?" አለኝ።

ዘመኑ የፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ነው። ካናዳ፣ ካልገሪ ከገባሁ ገና አንድ ዊንተር ነው ያለፈኝ። ጋራዡ ፎረስት ሎውን ውስጥ ነበር፤ የሚሠራውም የመኪና እግር ብቻ ነው። ሞላ፣ ብራቾ፣ አሞርዛተር፣ መሪ፣ በቃ። ሞተር የተበላሸበት ሰው ከመጣ አለቃዬ ዋሊ በአገጩ ወደ ሌላ ጋራዥ ያመለክተዋል።

ያንን ላስቲክ አዲስ አበባ ሳለሁ ስንቱን ነቅዬ ስንቱን እንደተከልኩ አልቆጠርኩትም። የእንግሊዝኛ ስሙ ግን ድርግም ብሎ ጠፋኝ። ላብ አጠመቀኝ። በመጨረሻ፣ "ጎሚኒ" አልኩ።

"ጎ ምን?" አለ ዋሊ።

ከወለሉ ጉድጓድ ውስጥ፣ መኪና ሥር ሲሠራ የነበረ አንድ ሽበታም ሰው ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ። "ምን አልክ?" አለኝ።

"ጎሚኒ።"

"ብራቾ?" አለ፣ ዐይኑ ፈጦ።

"ብራቾ!" አልኩ።

"ባሌስትራ?"

"ባሌስትራ! ካቻቪቴ! ካምቢዮ! ማርሚታ!"

ሰውየው ከጉድጓዱ ወጥቶ ግራሶ በነካው እጁ ሁለት ጉንጬን ይዞ ሳመኝ። ሳልቫቶሬ ይባላል፤ ጣሊያን ነው። ለካ እኛ በየጋራዡ የምንጠራው የዕቃ ስም እኩሌታው የሱ የእናት ቋንቋ ኖሯል! ዋሊ ሁለታችንን አፈራርቆ አየንና፣ "አንድ ነበረብኝ፣ ሁለት ሆኑ" ብሎ ቢሮው ገባ። እኔም በሙከራ ተቀጠርኩ።

አዲስ አበባ ዋና መካኒክ ነበርኩ። እዚህ ግን የአገሩን ፈተና እስካልፍ ድረስ ሄልፐር፣ ማለትም ረዳት ነኝ። ሳልቫቶሬ ፈተናውን ያለፈ ባለሙያ፣ ጆርኒማን ነው፤ የፈረመበት ሥራ እንደ ዋሊ ሥራ ይቆጠራል። እኔን ፕሬሱ ላይ፣ ብረት እየገፋ የሚያላቅቀው ማሽን ላይ መደበኝ። ብራቾውን ፕሬሱ ላይ አጋድሜ አሮጌውን ጎሚኒ ገፍቼ አስወጣለሁ፣ አዲሱን ገፍቼ አስገባለሁ። ዊንተሩን ሙሉ በረዶውን እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረቱን እርስ በርሱ ስለሚያጣብቀው፣ አንዳንዱ ሲላቀቅ ጥይት የተተኮሰ ነው የሚመስለው። በእያንዳንዱ ፍንዳታ ሳልቫቶሬ ከጉድጓዱ "ብራቮ!" ይላል። ደስ እያለኝ እሠራ ነበር።

ጎሚኒ ማለት በመኪናው አካልና ጎማውን በሚይዘው ክንድ፣ ማለትም በብራቾው መካከል የሚገባ ትራስ ነው። ብረት ብረትን እንዳይመታ ያደርጋል። ያኔ ለአሮጌ የአሜሪካ ጉልበተኛ መኪኖች ሁለት ምርጫ ነበር። አንደኛው ፋብሪካው ራሱ ያስገባው ዓይነት ጥቁር ላስቲክ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ያን ሰሞን ገበያውን ያጥለቀለቀው ፖሊዩሬቴን የሚባል ቀይ ፕላስቲክ፤ ከረሜላ ይመስላል፣ ጥንካሬው ግን የእንጨት ያህል ነው። እሽቅድምድም የሚወዱ ልጆች ከቀዩ ሌላ አያናግሩህም።

አንድ ቀን ከፋሲካ በኋላ፣ በረዶው ቀልጦ ሲያበቃ፣ ግቢያችን ውስጥ መሬት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ገባ። ባለ ሁለት በር፣ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ኮፈኑ አልጋ የሚያህል አረንጓዴ መኪና። ክራቫት ያሰሩ ጎልማሳ ወረዱ። ጋሼ ተስፋይ ናቸው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ፔንብሩክ ሜዶውስ የሚኖሩ ሰው ናቸው። በሥራ ቀን የተማሪዎች አውቶቡስ ይነዳሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ በኤሊ ፍጥነት ሲነዱ ስለሚውሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚፈነጩበት ይህንን መኪና ገዙ።

"ጌታሁን፣ አየሃት?" አሉኝ።

"አየኋት፣ ጋሼ። እንዴት ታምራለች!"

"አትቸኩል። ታምማለች።"

ጉድጓዱ ላይ አቁመን በረጅም ብረት የፊቱን ብራቾ ሳነቃንቀው እንደ ወላለቀ ጥርስ ተወዛወዘ። ጎሚኒው አልቆ ዱቄት ሆኗል። ፍሬን ሲይዙ ወደ ግራ ትስባለች፤ ጥምዝ ላይ ወገቧን ትጥላለች፤ ከታች ኳ ኳ ትላለች። አደጋ ነው፣ ጋሼ፣ አልኳቸው።

"አደጋውስ ቤቴ ነው" አሉ። ልጃቸው ሰናይት ልታገባ ነው። በአባቴ መኪና ካልሆነ አልሄድም ብላለች። ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን ደግሞ አንዴ ተሳፍረው የባቡር ሐዲድ ሲሻገሩ ጭንቅላታቸው ጣሪያ መትቶ፣ "ሁለተኛ እዚህ መኪና ውስጥ ከተነዳሁ ለተብርሃን አይደለሁም!" ብለው ምለዋል። ለሠርጉ በታክሲ እሄዳለሁ አሉ። የሙሽሪት እናት በታክሲ! አማቾቹ ምን ይላሉ?

ጋሼ ተስፋይ ግን መድኃኒቱን አግኝተውታል። ፓርኪንግ ላይ ያገኟቸው ጎረምሶች ነግረዋቸዋል። "ቀዩን" አሉኝ። "ሁሉንም በቀዩ።"

ሳልቫቶሬ ከጉድጓዱ ራሱን ነቀነቀ። "ብራቾው ላይ ቀይ ካስገባን መንገዱ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ጠጠር በወገባቸው ትገባለች። ለጎረምሳ ይሆናል። ለሚስት አይሆንም።" እኔም ይህንኑ ለጋሼ በአማርኛ አስረዳሁ። ዋሊ ከቢሮው፣ "ደንበኛው ቀይ ካለ ቀይ ነው!" ብሎ ጮኸ። ነገሩ አለቀ። ኦርደር አደረግን፣ ገጠምን።

መኪናዋ በእርግጥ ቀጥ አለች። ጥምዝ ላይ እንደ ባቡር ትዞራለች። ጋሼ ፊታቸው በርቶ ሄዱ። በሳምንቱ ተመለሱ፤ አሁን ግን በእግራቸው። መኪናዋን ማዶ አቁመዋታል።

"ምነው ጋሼ?"

"ና አብረኸኝ ተቀመጥና ስማ" አሉኝ፣ ዙሪያቸውን እየቃኙ።

አስነስተው ቀስ ብለው ነዱ። የመንገዱን ጉብታ ስንወጣ መኪናዋ ሲጥ አለች። ስንወርድ ሲጥ፣ ሲጥ አለች። ሌላ ጉብታ መጣ፤ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ። የአሮጌ የሽቦ አልጋ ድምፅ ነው! ያውም ሁለት ሰው የተኛበት!

ሳቄን ለመዋጥ መስኮቱን ከፈትኩ። ጋሼ መሪውን ግጥም አድርገው ይዘው፣ "ጌታሁን፣ ሙሽራና ሙሽሪት ከኋላ ተቀምጠው፣ ይሄን ድምፅ እያሰማሁ ካህናቱ ፊት ልቁም?" አሉ። በዚህ ጊዜ እኔም አልቻልኩም፣ እሳቸውም አልቻሉም። ዳር ይዘን ቆመን እንባችን እስኪፈስ ሳቅን።

ፖሊዩሬቴን ሲደርቅ እንዲህ ይጮኻል። ከላይ ግራሶ ብንቀባው ዝም አለ፤ አንድ ዝናብ ሲመታው እንደገና ጀመረ። ሠርጉ ደረሰ። ዋሊ ግን እንደገና መፍታት የሚባል ነገር አልሰማም አለ። "የጠየቀውን ሰጥተነዋል" አለኝ። የሙከራ ጊዜዬ ገና አላለቀም። ቢሆንም፣ "እሺ፣ ዋሊ፣ አንድ ዙር ብቻ አብረኸኝ ውጣ" አልኩት።

ዋሊ ሰፊ ሰው ነው። የቡና ኩባያውን እንደያዘ ገባ። በቀጥታ ወደ ሐዲዱ ነዳሁት። ከዚያ በኋላ ቡናው ኩባያው ውስጥ አልነበረም። ሸሚዙ ላይ፣ ጢሙ ላይ፣ ጣሪያው ላይ ነበር። ደግሞ መኪናዋ በየጉብታው ያን የአልጋ ዘፈኗን ታሰማለች። አባረረኝ ብዬ ስጠብቅ ጢሙን በእጅጌው ጠረገና፣ "ይህ እንዴት ያለ ሠርግ ነው?" ብሎ በሳቅ ፈነዳ። ጋራዥ እንደገባን ስልኩን አንስቶ ጥቁሩን ላስቲክ ኦርደር አደረገ።

ከሳልቫቶሬ ጋር ተማክረን እንዲህ ወሰንን። ብራቾዎቹ ላይ ለስላሳው ላስቲክ ይሁን፤ ምቾት የሚመጣው ከዚያ ነው። ስታብላይዘሩ ላይ፣ ማለትም መኪና ጥምዝ ላይ እንዳይጋደም የሚይዘው ዘንግ ላይ፣ ቀዩ ይቆይ፤ ተፈትቶ ውስጡ በግራሶ ይታሸግ። አሞርዛተሩንም፣ ማለትም የመኪናውን መዝለል የሚያበርደውን ቱቦ፣ መካከለኛ ጥንካሬ ያለውን መረጥን።

ላስቲኩ የደረሰው በሠርጉ ዋዜማ ጠዋት ነው። ፕሬሱ ላይ እንደዚያን ቀን ሠርቼ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቦታው ገብቶ ብሎኖቹ በእጅ ብቻ ተይዘዋል። መጨረሻው ማጥበቅ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ሕግ አለ። የላስቲክ ጎሚኒ መኪናው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ፣ ወደ መሬት ሲወርድ ተጠማዞ ይቀራል፤ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። ስለዚህ መኪናው በጎማው መቆም አለበት። የጥገና መጽሐፉ ባዶውን ቢቆም ይበቃል ይላል። ሳልቫቶሬ ግን፣ "ነገ ሰው ሞልቶ ነው የሚሄደው፤ ዛሬም ሰው ሞልቶ ይጥበቅ" አለ። ሌላ ጊዜ የአሸዋ ከረጢት እንጭን ነበር። ያን ሰሞን ዋሊ ከረጢቶቹን ምድር ቤቱ ጎርፍ ለገባበት ጎረቤቱ አውሶ ነበር።

"እንግዲያው ሰው ግቡ!" አለ ሳልቫቶሬ። ጋሼ ተስፋይ መሪው ላይ ተቀመጡ። በሙሽሮቹ ምትክ ዋሊ ከኋላ ገብቶ ከጎኑ ጎማ ቆለልንበት። ከጋሼ ጎን ያለው ወንበር ባዶ ቀረ።

ይሄኔ በሩ ተበርግዶ እትዬ ለተብርሃን ገቡ። "ተስፋይ! ሰው ለነገ ሥጋ ይከትፋል፣ አንተ እዚህ መኪና ትጋልባለህ!"

ሳልቫቶሬ ከጉድጓዱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ሲኞራ፣ እባክሽ፣ ክብደት ጎድሎናል፣ ተቀመጪልን" አለ በእንግሊዝኛ።

ሁሉም እኔን አዩኝ። ተርጓሚው እኔ ነኝ። "እትዬ፣ እ… መኪናዋ ያለ እርስዎ ሚዛኗ አይሞላም ነው የሚለው" አልኩ።

"አንተ ልጅ፣ ክብደት ማለት በእንግሊዝኛ የማይገባኝ መሰለህ?" አሉኝ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ "የማልኩት አልነዳም ብዬ ነው። ቆማ ከሆነ መሐላዬ አይፈርስም" አሉና ገብተው ቁጭ አሉ። መኪናዋ ትንሽ ዝቅ አለች። ሳልቫቶሬ ከታች "ፔርፌቶ!" አለ።

እኔም ወደ ጉድጓዱ ወርጄ ብሎኖቹን በየተራ፣ ልኩ ሲደርስ ቀጭ በሚለው ቶርክ ሬንች አጠበቅኩ። ከላይ ሦስቱ ሲጨቃጨቁ፣ ቀጥሎ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። ዋሊ ስለ ሠርጉ ምግብ ይጠይቃል፤ እትዬ በራሳቸው እንግሊዝኛ ይመልሳሉ። የመጨረሻው ብሎን ቀጭ ሲል ወጥቼ፣ "አለቀ፣ እትዬ፣ መውረድ ይችላሉ" አልኳቸው።

አልወረዱም። ወንበሩን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። "ተስፋይ፣ እስቲ ንዳት" አሉ።

ጋሼ አማተቡ። ከዚያ አስነሱ። ዋሊም ከጎማው ቁልል ጋር እንደተቀመጠ ይዘውት ወጡ! እኔና ሳልቫቶሬ በእግራችን እየሮጥን እስከ ሐዲዱ ተከተልናቸው። መኪናዋ ሐዲዱ ላይ ወጣች፣ ወረደች። ሲጥ የለም፣ ኳ የለም። ማዶ ላይ ቆመች። እትዬ ለተብርሃን መስኮቱን ዝቅ አድርገው ባላቸውን፣ "አንዴ ድገመው!" ሲሏቸው ከሐዲዱ ወዲህ ሆነን ሰማን። ሳልቫቶሬ አቅፎኝ መንገድ መሃል ጨፈርን።

በማግስቱ ሙሽሮቹ ከኋላ ተቀመጡ። የፊቱን ወንበር ሚዜው ሊይዝ ሲል እትዬ ለተብርሃን፣ "አንተ ታክሲ ያዝ" ብለው አስወረዱት። ዋሊ ሠርጉ ላይ ጥሬ ሥጋ ቀምሶ አለቀሰ፤ ከሚጥሚጣው ነው። እዚያው በአዳራሹ ጫጫታ ውስጥ፣ "ሙከራህ አልቋል፣ ሰኞ እንደ ሠራተኛ ና" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ፈተናዬን አልፌ ጆርኒማን ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚያው ሥራ ቆየሁ። ለወጣት መካኒኮች የምላቸው ሁለት ነገር ነው። ጎሚኒ ከመምረጣችሁ በፊት መኪናው ውስጥ ማን እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ላስቲክ ከመረጣችሁ ደግሞ ሰዎቹን አስቀምጣችሁ አጥብቁ።