የታጠቡት ጠገራዎች

1975 ዓ.ም.፣ ጥቅምት፤ በነጌሌ ሀገያ የምንለው አጭሩ ዝናብ ዘግይቶ የመጣበት፣ ከመጣ በኋላ ደግሞ የእናቴን ሱቅ ቆርቆሮ ሲደበድብ የሚውልበት ወቅት ነበር። ያን ጊዜ ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ከልጄ ጋር የገባሁበት ወርቅ ቤት ነው። ከመስታወቱ ሥር አንድ ጠገራ ብር፣ ማንጠልጠያ ተበይዶበት ያብረቀርቃል። ሻጩ «እማማ፣ ትናንት የተሠራ አይመስልም?» ብሎ መዳፌ ላይ ቢያኖርልኝ፣ ሳላስበው ድንጋዩ ወለል ላይ ልጥለው እጄን ዘረጋሁ። ልጄ በኀፍረት ክንዴን ያዘችኝ። እኔ ድምፁን መስማት ብቻ ነበር የፈለግሁት።

የዚያን ዓመት አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። እናቴ ስኳር፣ ጨውና ሻይ ቅጠል ከምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ ሌላ ያላት ነገር በልብስ ሳጥኗ ታች ያስቀመጠቻቸው ሰባት ጠገራ ብሮች ነበሩ፤ መህሯ ናቸው፣ አባቴ ሲያገባት የሰጣት። ጎረቤታችን የነበረው ልብስ ሰፊ ወደ ፊልቱ ሊዛወር ሲነሣ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናውን ለሽያጭ አወጣ። እናቴ ዱዓ አድርጋ ስትጨርስ «እንገዛዋለን» አለች፤ ከዚያ በላይ አላብራራችም። ልብስ ሰፊው እስከ ሐሙስ ማታ ሊጠብቃት ተስማማ፤ ከሐሙስ በኋላ የሚወስደው ሌላ ሰው ነበረው።

ጠገራ የሚገዙት ከክብረ መንግሥት በጭነት መኪና እየመጡ ለአንጥረኞች የሚሰበስቡት ሐጂ ቃሲም ነበሩ። የእሳቸውን ደረጃ አወጣጥ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እናውቀዋለን። ብሩ ላይ ያለችው ወፍራም ሴትዮ ትከሻዋ ላይ ክብ ጌጥ አላት፤ በጌጡ ዙሪያ ዘጠኝ ፍሬዎች አሉ። ዘጠኙም ተለያይተው ከተቆጠሩ አንደኛ ደረጃ ነው፤ ተፍቀው ከተቀላቀሉ ሁለተኛ፤ ለአንገት ተብሎ የተበሳ ከሆነ ሦስተኛ። ከዚያ ጠርዙን በጥፍራቸው እየፈተጉ ይዞራሉ፤ በመጨረሻ ድንጋይ ላይ ጥለው ጆሯቸውን ያዘነብላሉ።

ረቡዕ ከሰዓት እናቴ ገበያ ወጥታ ሳለች ሳጥኑን ከፈትኩ። ሴትዮዋ ሰባቱም ብር ላይ ፊቷ ጠቁሯል። ነገ ሐጂ ሊገዙ ይመጣሉ፣ ለእንግዳ ፊቷ ይታጠብ ብዬ በአመድና በሎሚ፣ አልለቅ ሲል በአሸዋም አሸሁ። ስድስቱ እንደ ጨረቃ በሩ። ሎሚው ስላለቀ ሰባተኛው ከነጥቁረቱ ቀረ። ጠቅልዬ መለስኳቸው፤ እናቴን የማስደስታት መስሎኝ ሌሊቱን በደስታ አልተኛሁም።

ሐሙስ ሐጂ ከሱቃችን ደጃፍ ቆመው «አካም ጅርቱ? ናጋ?» አሉ። «ናጋ፣ ገለታ ረቢ» አለች እናቴ፣ ወንበር አቅርባላቸው ጥቅልሉን ፈታች። ሐጂ ጎንበስ አሉ፤ ቀና አሉ።

«አዴ ፋጡማ፣ እነዚህ መቼ ተወለዱ?»

እናቴ ወደኔ ዞረች። «ሐሊማ?»

«አጠብኳቸው።»

«በምን?»

«በአመድ። በሎሚ። በ... ትንሽ አሸዋ።»

«አሸዋ!» ሐጂ የራሳቸው ፊት የታሸ ይመስል ጉንጫቸውን ያዙ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ የጠገራ ዕድሜው እኮ በቅርጹ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ጥቁረት ነው። ባለፈው ወር ፊልቱ ላይ የሚያብረቀርቅ አሥራ አንድ ገዝቼ አሥራ አንዱም ቆርቆሮ ሆነው አረፉ። ጥቁሩን እወስዳለሁ። ስድስቱን ግን ይቅር በይኝ፣ አዴ።»

በአንድ ጠገራ የስፌት መኪና አይገዛም። እናቴ አልቆጣችኝም፤ ከብሮቹ አንዱን አንሥታ ወደ ሐጂ ዘረጋች። ከዚያ በቀስታ አለች፦

«ሐጂ፣ ዓይንዎ ተጠራጠረ። ጆሮዎስ?»

ሐጂ ሳቁ። ከኪሳቸው አንድ የሚያበራ ብር አወጡ። «ይኸው የፊልቱ መምህሬ፣ ቆርቆሮው። ከሰባቱ ጋር ቀላቅላ ልጅሽ ትጣል፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ከለየሁት የቀሩትን እገዛለሁ።»

ስምንቱን ብር ይዤ ከደጃፉ ድንጋይ አጠገብ ተንበረከክሁ። በዚያው ቅጽበት ዝናቡ ወረደ። ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ እርስ በርሳችን እንኳ አንሰማማም። ከመንገድ ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ የሐጂ መኪና ሊሄድ ነው።

«ዝናቡን አሁን ማን ያስቁመው?» ብለው ጮኹ ሐጂ።

«ባለቤቱ» አለች እናቴ።

ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ነፋ። ሐጂ ካፖርታቸውን አነሡ፣ መልሰው አስቀመጡ። ከዚያ ዝናቡ እንደ መጣ ድንገት ቀጥ አለ፤ ከጣሪያው ጫፍ የሚንጠባጠበው ብቻ ቀረ።

ጣልኩ። ድምፁ ቀጥኖ ረጅም ሄደ። «ብር» አሉ ሐጂ። ጣልኩ። «ብር።» ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። አምስተኛው ድንጋዩ ላይ እንደ ወደቀ ጭቃ ድው አለ። «መምህሬ!» ብለው ጮኹ፤ ሳቄ አመለጠኝ። ስድስተኛው ብር፣ ሰባተኛው ብር፣ ስምንተኛው ብር። ሐጂ ዞረው ሲመጡ ዓይናቸው ከጠገራዎቹ ይበልጥ ያበራ ነበር። እኔ እዘላለሁ፤ እናቴ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

በአውራ ጣታቸው ፍሬዎቹን ሲዳብሱ ግን ሁለቱን ለይተው አስቀመጡ። አሸዋው ፍሬዎቹን አቀላቅሏቸዋል። «እነዚህን ልጅሽ በአንድ ቀን መቶ ዓመት አስረጀቻቸው። ሁለተኛ ደረጃ።» የጎደለውን ለዒድ ቀሚሴ ከተቀመጠው ብር እናቴ ሞላችው። አላጉረመረምኩም፤ በምን አፌ? ማታ የስፌት መኪናው በሁለት ሰው ሸክም ጭቃውን አቋርጦ ቤታችን ገባ።

ሰባቱን ጠገራ ዳግም አላየኋቸውም፤ ቀልጠው የማላውቃት ሙሽራ ክንድ ላይ አምባር ሆነው ይሆናል። ሐጂም እናቴም ከአፈር በታች ናቸው፣ አላህ ይማራቸው። ወርቅ ቤቱ ውስጥ ሻጩ ብሩን በኤሌክትሪክ ሚዛን አኑሮ ቁጥሩን አነበበልኝ፤ ጆሮውን ያዘነበለ ሰው አልነበረም። በዚያ የስፌት መኪና ግን ከዚያች ሐሙስ ወዲህ ጾሜን ያደርኩበት ቀን የለም፣ አልሐምዱሊላህ።

የስፌት መኪናው ቤታችን በገባ ማግስት ጠዋት፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ እግሬ መርገጫው ላይ እንዲደርስ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ በትከሻዬ በኩል ጨርቁን ያዘች። «ቢስሚላህ በይ» አለችኝ። አልኩና ረገጥኩ።